ሊንክ ብቻ ያስቀመጠ ሰው

በይጁቤ ቀበሌ አዳራሽ አራት ሰዎች ነበርን። የከተማዋን ድረ ገጽ የሚያዘጋጀው ጌታሁን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ እሱ ውል የገባበት የኢንሹራንስ ድርጅት ሠራተኛ ከመስኮቱ ሥር፣ ከሳሿ ገበሬ ይታይሽ ከበሩ አጠገብ፣ እኔ ለሽምግልና ተጠርቼ ከመሃል።

«እኔ ሊንክ ብቻ ነው ያስቀመጥሁ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ንጽሕናው ያስቀናል። ጌታሁን በገጹ ላይ የአንድ የአረም መድኃኒት ሻጭ ሊንክ አስቀመጠ። ይታይሽ ተከትላ ገዛች፣ ረጨች፤ ስንዴዋ ከአረሙ ጋር አብሮ ደረቀ። አሁን የሽምብራ መዝሪያ ሳያልፍ ማሳዋ እንደገና መታረስ አለበት፤ በሬ ግን የላትም።

«ሊንኩን የነካሽው አንቺ!» አላት ጌታሁን። «በገጹ ለሚመጣ ጉዳትም ኢንሹራንስ ገብቻለሁ።»

የኢንሹራንሱ ሰው ገጹን በስልኩ ከፍቶ ተመለከተ። «ከሊንኩ በላይ ‹ሞክሬዋለሁ፣ እመኑኝ› ብለው ጽፈዋል። ውላችን ይህን አይሸፍንም።»

«ለማሳመር ነው እንጂ መች ሞከርሁት!»

በደምበጫ ገበያ «በሬውን አውቀዋለሁ» ያለ ሰው ዋስ ነው፤ በሬው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ይጠየቃል። ኢንተርኔት ከገበያ በምን ይበልጣል? እንደዚያው ፈረድሁ፤ ጌታሁን የራሱን ጥማድ በሬ ይዞ ይረስላት።

ጌታሁን ወደ ኢንሹራንሱ ሰው ዞረ። ሰውየው ቦርሳውን ዘጋ።

«ነገ በጠዋት ነው፣ አያ ጌታሁን። ሞፈሩን እንዳትረሳ» አለችና ይታይሽ ወጣች።