ስለ ሰላምታ ቁጠባ የወጣ መመሪያ

ከመቐለ ሰሜን ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባለ ሁለት ፎቅ ሆኖ ሁለተኛው ፎቅ ገና ያላለቀ አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ስሙን አንጠቅስም፤ ብንጠቅሰው ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች «እኛስ ምን አንሶን ነው?» ብለው ቅር ይላቸዋል። መጪው ትውልድ ግን ይህን ቤት ማወቅ አለበት። የሰው ልጅ ለሰው ልጅ «እንዴት አደርክ» ለማለት ስንት ሳንቲም እንደሚያባክን ለመጀመሪያ ጊዜ በጥናት የተረጋገጠው እዚህ ነውና።

ጥናቱን የመሩት አቶ ሔሩይ ማዘንጊያ ናቸው። ከደብረ ብርሃን መጥተው መቐለ ውስጥ ሃያ ዓመት የኖሩ፣ እዚሁ ያገቡ፣ እዚሁ የወለዱ፣ ትግርኛን ከባለቤታቸው ቁጣ የተማሩ ሰው ናቸው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ናቸው እንዳንል አንዲት ቃል ትከለክለናለች። «ተጠባባቂ» ትባላለች። አቶ ሔሩይ ተጠባባቂ ኃላፊ ሆነው ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ጠብቀዋል። በራቸው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይህች ቃል ከስማቸው በልጣ ተጽፋለች። ሰርግ ቤት ሲሄዱ እንኳ ወደ ፊት ወንበር የሚመራቸው አስተናጋጅ «ለጊዜው እዚህ ይቀመጡ» ይላቸዋል።

«ሔሩይ፣ ዛሬ ለምሳ ትመጣለህ?» ትላለች ባለቤታቸው ኣልጋነሽ፣ ጠዋት በር ላይ ቆማ።

«እመጣለሁ።»

«የጸና ነው ወይስ የተጠባባቂ?»

አቶ ሔሩይ ወደ ቢሯቸው ያመራሉ። ቀኑን ሙሉ ግን መልሱን ሲያስቡ ይውላሉ።

እንግዲህ መስከረም ላይ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሰርኩላር መጣ። «የስልክ ወጪን በመቀነስ ረገድ ከቅርንጫፎች ሁሉ ልቆ የተገኘ ኃላፊ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ መሥፈርት ሹመቱ ይጸናለታል» ይላል። አቶ ሔሩይ «ይጸናለታል» የምትለዋን ሦስት ጊዜ አነበቧት። ከዚያ በሩን ዘግተው አንድ ጊዜ ጮክ ብለው አነበቧት።

በማግስቱ የአምስቱም የቢሮ ስልኮች ያልተገደበ ጥቅል ተሰረዘ። በምትኩ ከሁሉ የረከሰው፣ ለአንድ ስልክ በወር አርባ ደቂቃ የሚሰጠው ጥቅል ተገዛ። ርምጃው «የጥቅል ሽግግር ፕሮግራም» የሚል ስም ወጣለት፤ ባነርም ተሠራለት። ባነሩ የዓመት ያልተገደበ ጥቅል ከሚያስወጣው በላይ አስወጥቷል። ነገር ግን ባነር የሚያዘው በማስታወቂያ የበጀት ርዕስ እንጂ በስልክ ርዕስ ስላልሆነ፣ ቁጠባውን አልነካውም።

የወሩ ደቂቃ በሦስተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አለቀ።

የዕቅድ ባለሙያዋ ዳግማዊት ብቻዋን አጥኚ ቡድን ሆና ተቋቋመች። ቡድኑ ራሱን ሰብስቦ፣ ራሱን ሊቀመንበር አድርጎ መርጦ ሥራ ጀመረ። ለናሙና የወሰደውም ከውቅሮው ባልደረባ ከመሓሪ ጋር ያደረገውን የመጨረሻ ጥሪ ነው።

«ሄሎ መሓሪ፣ ደሓን ዶ?»

«ደሓን፣ ይመስገን። አንቺስ ደሓን ዶ? ልጆቹስ?»

«ደሓን ናቸው። እናትህስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው?»

«ተሻላቸው፣ ይመስገን። እናንተ ሰፈር ዓይናለም ብርድ ነው አሉ?»

«ብርድ ነው፣ ግን ደሓን ነው። እናንተ ጋስ ዘነበ?»

«ዘነበ፣ ይመስገን። በይ እንግዲህ ሰላም በይልኝ፣ ሁሉንም…»

«ቆይ መሓሪ! የደወልኩት እኮ ለ…»

ደቂቃው እዚህ ላይ ነው ያለቀው። ለምን እንደደወለች እስካሁን ለመሓሪ አልተነገረውም፤ እሷም ረስታዋለች።

ሪፖርቱ ሰባት ገጽ ነበር። ከሁለት መቶው ደቂቃ መቶ ስልሳ አንዱ ለሰላምታ፣ ሃያ ሁለቱ ለመሰነባበቻ፣ ዘጠኙ «ይሰማል? ይሰማል?» ለማለት፣ የቀረው ስምንት ደቂቃ ደግሞ ለመንግሥት ሥራ መዋሉን ያትታል። አቶ ሔሩይ ይህን ሲያነቡ ጠላታቸውን በስሙ አወቁት።

«ዳግማዊት፣ ይሄ ሁሉ ደሓን ዶ ምን ያደርጋል? አንዱ አይበቃም?»

«እንዴት ይበቃል አቶ ሔሩይ? ስለ እናቱ ጉልበት ካልጠየቅኩት የተቀየምኩት ነው የሚመስለው።»

«እንግዲያው ቁጥር ስጪያቸው።»

«ለእናቱ?»

«ለሰላምታዎቹ!»

እንዲህ ሆኖ የሰላምታ ቁጠባ መመሪያ ቁጥር አንድ ወጣ። አንድ ማለት «እንዴት አደርክ» ነው። ሁለት ማለት «ቤተሰብስ» ነው። ሦስት ማለት «ጤናስ» ነው። አራት ማለት «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ሰላምታውን ከቁጥር ውጭ ዘርዝሮ የተገኘ ሠራተኛ በዲሲፕሊን ይጠየቃል።

የአዲሱ ወር ጥቅል የመጀመሪያ ቀን የታሪክ ቀን ነበር። ዳግማዊት ውቅሮ ደውላ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት?» አለች። መሓሪ «አራት! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት?» አለ። «አራት!» አለች። ስድስት ሰከንድ ነው የፈጀው። አቶ ሔሩይ አጠገቧ ቆመው በሰዓት ሲለኩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

በሁለተኛው ቀን ግን መሓሪ «ሦስትን ለምን ዘለልሽኝ?» አለ።

«አልዘለልኩም፣ ኔትወርኩ ነው።»

«ኔትወርኩ አንድና ሁለትን አሳልፎ ሦስትን ብቻ ነው የያዘው? ዳግማዊት፣ ግልጹን ንገሪኝ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

ዕርቁ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። በዚያው ቀን ሠራተኛው ሁለትን ለባለቤት አንድ ጊዜ፣ ለልጆች አንድ ጊዜ፣ ለታመመች አክስት ሁለት ጊዜ ማለት ጀመረ። ለአለቃ «አንድ» ብሎ መጥራት ድፍረት ነው ተብሎም «አንድዎ» የሚል የአክብሮት ቁጥር ተፈለሰፈ። ደቂቃውም እንደ ድሮው በሦስተኛው ቀን አለቀ።

መዝገብ ቤት ውስጥ ኣቦይ ዘርኡ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ከአቶ ሔሩይ በፊት የዚህ ቤት ኃላፊ እሳቸው ነበሩ፤ በመዋቅር ማሻሻያ ወደ ፋይሎቹ ወርደው ጡረታቸውን ይጠብቃሉ። አቶ ሔሩይ መመሪያውን ሊያስፋይሉ ይዘውላቸው ሲገቡ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አነበቡትና፦

«ሔሩይ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እንዲህ ከሚያንገበግብህ ስልኩን ጭራሽ ለምን አታስቀረውም?» አሉ።

ቀልድ መሆኑ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። አቶ ሔሩይ ግን ማስታወሻ እየያዙ ስለነበር ፊታቸውን አላዩም።

መመሪያ ቁጥር ሁለት በዚያው ሳምንት ወጣ። ጥቅል የሚባል ነገር ቀረና ሥራ ሁሉ በሚስኮል ሆነ። አንዴ ጠርቶ የተዘጋ «ይሁን» ነው፤ ሁለቴ የጠራ «አይሁን»፤ ሦስቴ የጠራ «ራስህ ና»። ስልክ ማንሳት ከባድ ጥፋት ተባለ። ምኑ «ይሁን» እንደተባለ፣ ምኑ «አይሁን» እንደተባለ ማንም ስለማያውቅ፣ ሰው ሁሉ ሦስቴ ብቻ ይደውል ጀመር።

ከዚያ ወዲህ መሓሪ በሳምንት አራት ቀን ከውቅሮ በሚኒባስ ይመጣል። ዳግማዊት የቀረውን አንድ ቀን ወደ ውቅሮ ትሄዳለች። የከተማው ባጃጅ ነጂዎች መሥሪያ ቤቱን በስሙ ሳይሆን «ሦስቴ» ብለው ይጠሩታል። በር ላይ የሚገናኙ ሠራተኞች ቁጥር የለባቸውም፣ ደቂቃ የለባቸውም፤ የእናት ጉልበት፣ ብርዱ፣ ዝናቡ፣ አክስቲቱ፣ ሁሉም በየተራ ይጠየቃል። የዓመቱ የትራንስፖርትና የውሎ አበል በጀት ታኅሣሥ ላይ አልቆ፣ «የመስክ ሥራ አፈጻጸም መቶ በመቶ፣ ስድስት ወር ቀደም ብሎ» ተብሎ ተመሰገነ። የስልክ ወጪስ? ከመመሪያ ቁጥር ሁለት ወዲህ በአጠቃላይ አሥራ አንድ ብር ከሃያ ሳንቲም። እሷም የወጣችው የጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ቀን ሳታስበው ከቢሮው የተደወለላትን ስልክ አንሥታ «ሄሎ» በማለቷ ነው። ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል።

ጥር ላይ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ቃላሚኖ አካባቢ በተከራየው አዳራሽ የሽልማት ቀን ሆነ። ኣልጋነሽ የአቶ ሔሩይን ሸሚዝ ራሷ ተኩሳ ቁልፉን ራሷ ቆልፋላቸው አጠገባቸው ተቀመጠች። ቀልድ አልቀለደችም፤ ይህም አቶ ሔሩይን ከሁሉ በላይ አስፈራቸው። መሓሪና ዳግማዊት ከኋላቸው ናቸው። ኣቦይ ዘርኡ የቅርንጫፉን ሰነድ ተሸክመው መጥተው በር አጠገብ ተቀምጠዋል።

የገምጋሚ ቡድኑ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሰርካዲስ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ፣ ወረቀት እንጂ የሰው ፊት የማያነቡ ሴት ናቸው። ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቡድናችን የስድስት ዓመት ሰነድ መርምሯል። ከቅርንጫፎች ሁሉ ዝቅተኛው ወጪ አሥራ አንድ ብር ከሃያ ሳንቲም…»

አቶ ሔሩይ ከወንበራቸው ግማሽ ተነሡ።

«…መስሎን ነበር። ሆኖም በዚሁ ቅርንጫፍ፣ ለአሥራ ስምንት ተከታታይ ወራት ዜሮ ብር ከዜሮ ሳንቲም ተመዝግቦ ተገኝቷል። በወቅቱ ኃላፊ የነበሩት አቶ ዘርኡ ገዛኢ ናቸው። ስለዚህ የኃላፊነቱ ሹመት ለእሳቸው ይጸናል።»

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወራቱን በልቡ ወደ ኋላ ቆጠረ። ማንም አልተሳሳተም።

«ክብርት ሰብሳቢ!» አሉ አቶ ሔሩይ፣ ግማሽ እንደተነሡ። «ያኔ እኮ ስልክ አልነበረም! በጦርነቱ ከተማው በሙሉ ተቋርጦ ነበር!»

«እኛስ ምን አልን?» አሉ ወይዘሮ ሰርካዲስ። «ሌላው ስልክ እያለው ነው የሚቆጥበው። እሳቸው ችግሩን ከሥሩ ነቅለውታል። አቶ ዘርኡ፣ ይምጡና ተሞክሮዎን ያካፍሉን።»

ኣቦይ ዘርኡ ቀስ ብለው መጥተው ማይኩን እንደ እንግዳ ነገር አዩት።

«ተሞክሮ የለኝም» አሉ። «ደመወዝ አልነበረም፤ ግን እየመጣሁ በሩን እከፍት ነበር። ልጄ ዘቢብ አዲስ አበባ ነበረች። አሥራ ስምንት ወር ትኑር አትኑር አላወቅኩም። ስልኩ የተመለሰ ቀን ደወልኩላት። አነሣች። ሁለታችንም ምንም ሳንናገር ካርዱ አለቀ። ይኸው ነው። አመሰግናለሁ፣ የቐንየለይ።»

ወይዘሮ ሰርካዲስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞሩ።

«ቤተሰባቸውን ጭምር በቁጠባው አሳትፈዋል ብለህ ያዝ።»

በዚህን ጊዜ አቶ ሔሩይ ምን እንደነካቸው በኋላ ለኣልጋነሽም ማስረዳት አልቻሉም። በዚያው ዘመን እናታቸው ደብረ ብርሃን ታመው ነበር። መርዶው መቐለ የደረሰው ከተቀበሩ ከሰባት ወር በኋላ ነው። በዚህ ቢሮ፣ በዚህ ከተማ፣ ይህን ለማንም ዘርዝረው ተናግረው አያውቁም።

«እኔም ቆጥቤያለሁ!» ብለው ጮኹ፣ ሙሉ በሙሉ ተነሥተው። «እናቴን አሥራ ስምንት ወር አላናገርኳትም! ለቀብሯም አልደወልኩም! ይመዝገብልኝ!»

ኣልጋነሽ የኮታቸውን ጫፍ ያዘች፤ ግን አልጎተተችውም።

«እኔ ባሌን!» አለች ዳግማዊት ከኋላ።

«እኔ ሁለት እኅቶቼን!» አለ መሓሪ። «አንዷን እስከ ዛሬም!»

ከዚያ አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። አንዱ ወንድሙን አለ፤ አንዷ እጮኛዋን። የሻይ አስተናጋጇ ትሪዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እሷም እጇን አወጣች። የቃለ ጉባኤ ያዡ እስክሪብቶ ቆመ። ወይዘሮ ሰርካዲስ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ደጋግመው መቱ።

«ሥርዓት! ሥርዓት ይኑር! እንዲህ በጩኸት የሚመዘገብ ቁጠባ የለም። ሁላችሁም ያልደወላችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ሰኞ ጠዋት ቅረቡ። ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ አቶ ዘርኡ ተጠባባቂ አሸናፊ ናቸው።»