ሊቀ ወይን ዘካናል ዊንቸስተር

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጋሼ ጀማነህ ቤዝመንታቸውን መሸታ ቤት አድርገው ብቻቸውን ይጠጣሉ ተብሎ ሲወራ ከረመ። ወሬውን ሳያስበው ያስነሳው ዕቃ የሚያደርሰው ጁነዲን ነው። አሥራ ሁለት ጠርሙስ የያዘ ካርቶን ደጃፋቸው አድርሶ ካስፈረማቸው በኋላ፣ «የማልጠጣው ሰውዬ ወገቤ ተቆረጠ፤ የሚጠጡትማ እንዴት ይሆኑ ይሆን!» ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ከኦሃዮዋ ካናል ዊንቸስተር ተነስቶ ሰሜን ኮሎምበስ እስኪደርስ ካርቶኑ አሥር ሆኗል፤ ጋሼም ከደረጃ ወድቀው ጎናቸው ተሰብሯል።

እውነቱ ይነገር። ካርቶኑ አንድ ነው፣ ጎናቸውም ደህና ነው። ከአሥራ ሁለቱ ጠርሙስ ደግሞ አንዱም አልተከፈተም። ጋሼ ጀማነህ በዕድሜያቸው ብቻቸውን ጠጥተው አያውቁም፤ ኮሮና ከገባ ጀምሮ ደግሞ የቤታቸውን ደፍ የረገጠ ሰው የለም።

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተሰበሰበበት አንዱ አዋቂ ነው። አንዳንዱ ማኅበር የመኪና አዋቂ ይደርሰዋል፣ አንዳንዱ የኢሚግሬሽን ፎርም አዋቂ። ለእኛ የደረሱን ጋሼ ናቸው፣ ሊቀ ወይኑ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መጠጥ በሚያከፋፍል ዌርሃውስ ፎርክሊፍት ሲነዱ፣ ሌላው በብሬክ ሰዓት ሲጋራውን ሲያጨስ እሳቸው የጠርሙስ ጀርባ ያነቡ ነበር። ጡረታ ሲወጡ የእስፔንን ኮረብታ አንድ በአንድ፣ የአፈሩን ቀለም ሳይቀር፣ በቃላቸው ይዘውታል።

«እስፔን ሄደው ያውቃሉ?» አላቸው አንዴ ዘካርያስ፣ እዚያው ዌርሃውስ እጃቸው ላይ ሥራ የለመደው ጎልማሳ።

«ለምን እሄዳለሁ? እሷ አይደለች እንዴ በየሳምንቱ በኮንቴይነር የምትመጣልኝ!»

በጋሼ ሕግ ትልቁ ኃጢአት ስፕሪስ ነው። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራው ቀይ ወይን ላይ ኮካ ሊጨምር ሲል መድረኩ ላይ ወጥተው እጁን ያዙት። «ልጄ፣ ይሄ ወይን የተለቀመበት ግንድ የአያትህ እኩያ ነው። አያትህ ላይ ኮካ ትደፋለህ?» ሙሽራው ደነገጠ፤ የሙሽራው አያት ግን አጠገቡ ነበሩና «እኔ ኮካ እወዳለሁ» አሉ።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ጋርናቻ የሚባል ቀይ ወይን ነው፤ ግንዱ መቶ ሁለት ዓመት አልፎታል። «ወጣት ግንድ ዘለላው ብዙ ነው፣ ግን ውሃ ውሃ ይላል» ይላሉ ጋሼ፣ ለጠየቀም ላልጠየቀም። «ያረጀው ሥሩ ድንጋይ ሰንጥቆ ይወርዳል። የሚሰጠው ፍሬ ትንሽ ነው። ያቺ ትንሿ ግን፣ ያቺ ትንሿ!»

«ጋሼ፣ ስለ ወይኑ ነው ወይስ ስለ ራስዎ?» ይላል ዘካርያስ።

በጥምቀት ሰሞን፣ በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ፣ ዳላስ ያለችው ልጃቸው ሮሃ ብልሃቱን አመጣች። «ዳድ፣ ጀስት ዱ ኢት ኦን ዙም» አለቻቸው። ጠርሙሱን ለየሰዉ ያድላሉ፣ እሑድ ከሰዓት ሁሉም በየቤቱ ከፍቶ አብሮ ይጠጣል። ጋሼ ከስንት ወር በኋላ ጢማቸውን ተላጭተው መኪናቸውን አስነሱ።

መጀመሪያ ኦቤትስ ሰፈር ደርሰው ለዘካርያስ ሰጡ። ለጓደኛው ለጎሳዬም እዚያው ተዉለት። ከዚያ ወደ ሚነርቫ ፓርክ ወጡ፣ የባለቤታቸው የማኅበር ጓደኛ እትዬ ፀሐይወርቅ ቤት። እትዬ በሩን ሲከፍቱ በልማድ፣ «ውይ ጋሼ! ይግቡ እንጂ፣ ይግቡ!» አሉ። ጋሼም በልማድ አንድ እግራቸውን አነሱ።

ከዚያ ለሁለቱም ትዝ አላቸው።

«ወይኔ! አይግቡ፣ አይግቡ! እኔ እኮ ነርሲንግ ሆም፣ በሽታው መሃል ነው የምሠራው» ብለው እትዬ ወደ ኋላ ሸሹ።

ጋሼ ያነሱትን እግር የት እንደሚያሳርፉት ጠፍቷቸው ትንሽ ቆዩ። ጠርሙሱን በረዶው ላይ አቆሙና ወደ መኪናቸው ተመለሱ። በሠላሳ ዓመት ትውውቅ «ይግቡ» ተብለው ሳይገቡ ሲመለሱ የመጀመሪያቸው ነበር።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሼ በሙሉ ልብስና በከረባት ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ። የመክፈቻ ንግግራቸው ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ግሩም ንግግር እንደነበር እንገምታለን፤ አንድም ሰው አልሰማውም።

«ዳድ፣ ዩ አር ኦን ሚዩት» አለች ሮሃ።

ድምፁ ሲከፈት፣ «አትቸኩሉ! መጀመሪያ ይተንፍስ!» ሲሉ ተሰሙ።

«እኛ ዓመቱን ሙሉ በማስክ ታፍነን ወይኑ ይተንፍስ ይሉናል!» አለ ዘካርያስ።

ጋሼ አንድ በአንድ ብርጭቆ አስነሡ። የጎሳዬ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ አድሮ በረዶ ሆኗል፤ በማንኪያ እየጫረ ይበላል። የዘካርያስ ብርጭቆ ደግሞ አረፋ ይዟል።

«ዘካርያስ፣ ያ አረፋ ምንድን ነው?»

«ደስታው ነው ጋሼ። ሐበሻ ቤት በመግባቱ።»

«ከጀርባህ ያለው ቀይ ቆርቆሮስ?»

«እሱ… እሱ ጎረቤቴ ነው።»

ጋሼ ግንባራቸውን ያዙና ወደ እትዬ ፀሐይወርቅ ዞሩ። «የአንቺ ደግሞ ቀለሙ ሳሳብኝ።»

«ሻይ ነው ጋሼ።»

«ሻይ?!»

«ጠርሙሱ ቡፌው ላይ ነው። ይሄን የመሰለ ነገር ለብቻዬ ልከፍት? ይሄ ጊዜ ይለፍና እርስዎ ሲመጡ እንከፍተዋለን ብዬ ነው።»

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ።

«ዳድ፣ ዩ አር ኦን ሚዩት» አለች ሮሃ።

ሚዩት ላይ አልነበሩም። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አጋድመሽ አስቀምጪው» ብቻ አሉ። «ቡሹ እንዳይደርቅ።»

«እሺ» አሉ እትዬ፣ ሌላ ነገር የሚጠብቁ ይመስል ስክሪኑን እያዩ። ከዚያ፣ «ውይ ድስቱ!» ብለው ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው ሮጡ። በእሳቸው መስኮት የሚታየው ነጭ ጣሪያና የማይዞር የጣሪያ ፋን ሆነ።

ዘካርያስ ሺፍት አለብኝ ብሎ ወጣ። ጎሳዬ ጥርሱን በረዶ ስለመታው ተሰናበተ። ሮሃ «ላቭ ዩ ዳድ» አለችና ጠፋች። የእትዬ ፀሐይወርቅ ጣሪያ ግን አለ። እትዬ ድስቱን አውርደው፣ ሌላ ሥራ ይዘው፣ ስልኩን ረስተውታል።

ስብሰባውን መዝጊያው ቀይ ቁልፍ ጋሼ ጣት ሥር ነበር። ነገር ግን ጋባዥ ከእንግዳው ቀድሞ አይነሳም። እንግዳው ጣሪያ ቢሆንም። ጋሼ ብርጭቋቸውን ይዘው አርባ ደቂቃ ያህል ከጣሪያው ጋር ተቀመጡ፤ አንድ ጊዜም ስለ አፈሩ ስለ ኮረብታው አላነሱም። መሸታ ቤት ከፍተን፣ ከደረጃ ጥለን፣ ጎናቸውን የሰበርንባቸው እኛ ያን ሰዓት ብናያቸው ኖሮ አፋችንን በእጃችን እንይዝ ነበር።

ውጭው መደብዘዝ ሲጀምር ከረባታቸውን አላሉ፣ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አሉና፣ ንግግር በሚያደርጉበት ሳይሆን ማናችንም ሰምተነው በማናውቀው ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«ፀሐይወርቅ… በረንዳው ላይ፣ ኮታችንን ደርበን፣ ራቅ ራቅ ብለን ብንቀመጥስ? ማክሰኞ ብመጣስ?»