ክቡር ፎልደር እና የአባት ስም

የሰውን ኮተት ካላስተካከለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ካለም ሰውየው ገና ስላልተቀጠረ ነው። የእኛው የኮምፒውተር ባለሙያው ናቸው። «ክቡር ፎልደር» እንላቸዋለን፤ እሳቸውም ማዕረጉን ያለ ተቃውሞ ተቀብለውታል።

ክቡርነታቸው ጠረጴዛዬ ላይ ብርጭቆ ካዩ «ይሄ ቦታው እዚህ ነው?» ይላሉ። ጃንጥላዬን ካዩም «ይሄ ቦታው እዚህ ነው?» አጠገባቸው ስስል እንኳ ሳሉን የት እንደማስቀምጠው የሚጠይቁኝ ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ ከልብ የሚያማቸው ግን ኢሜይላችን ነበር። የሥራውን፣ የማስታወቂያውን፣ የልደት ግብዣውን ሁሉ አንድ ላይ ከምረን ነው የምንኖረው። መከሩን፤ አልሰማንም። ለመኑን፤ ሳቅንባቸው። ስለዚህ ልመናውን ትተው ፕሮግራም ጻፉ። ፕሮግራሙ በኢንተርኔት በኩል የሁላችን ኢሜይል ለሚቀመጥበት ሰርቨር ትእዛዝ ይልካል፤ ሰርቨሩም የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ በየሰዉ ሳጥን ውስጥ ፎልደር ይከፍታል፣ መልእክቱንም እየለየ ያስገባል።

ጠዋት ስንገባ ኢሜይላችን የሌላ ሰው ቤት መስሎ ጠበቀን። «ስብሰባ» የሚል ፎልደር አለ። በውስጡ «የሚካሄድ ስብሰባ»፣ «የሚሰረዝ ስብሰባ»፣ ከሥሩ ደግሞ «ስለ ስብሰባ የሚደረግ ስብሰባ»።

«የኦዲተሩ መልእክት የት ገባ?» ብላ ጮኸች የሒሳብ ኃላፊዋ።

«‹የሚያስፈራ› የሚለው ውስጥ እዪው» አሉ ክቡርነታቸው በኩራት።

«ቤተሰብ» የሚልም ነበር። ዘመድን የሚለየው በአባት ስም ነው። የላኪው አባት ስም የአንተ ስም ከሆነ ልጅህ ነው፤ የአባትህ ስም ከሆነ ደግሞ ወንድምህ ወይም እህትህ። በዚህ ስሌት፣ ስሸሸው የኖርኩት የኢንሹራንስ ሻጭ የአባቴ ልጅ ሆኖ አረፈው።

ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ስብሰባ አዳራሽ ጠሩን። የራሳቸውን ሳጥን ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ከፍተው ቆመዋል፤ ጆሯቸው ቀልቷል።

«ማን ፈቀደልህ? ዛሬውኑ ሁሉንም ታጠፋለህ! ካልሆነ ሥራህን ትለቃለህ!»

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ቢያዩት...»

«ምኑን ነው የማየው? ይሄን?» ብለው «ቤተሰብ» የሚለውን በንዴት ተጫኑት።

ያልተነበቡ መልእክቶች ተደርድረው ወጡ። ሁሉም ከሴት ልጃቸው ናቸው። ከተኳረፉ መክረማቸውን እናውቅ ነበር፤ እሷ እየጻፈች መሆኗን ግን እሳቸውም አላወቁም። ደብዳቤዋ ሁሉ ከስብሰባ ጥሪ ሥር ተቀብሮ ኖሯል። የመጨረሻው አጭር ነበር፦ «አባዬ፣ ምረቃዬ ዛሬ ከሰዓት ነው። ወንበር ይዤልሃለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ኮታቸውን ወንበር ላይ እንደተዉት፣ በሩንም ሳይዘጉ ወጡ።

ችግሩ ትእዛዙ አለመሻሩ ነው። ክቡርነታቸው ደግሞ ትእዛዝ አክባሪ ናቸው። ክፍላቸው ገብተው የማጥፊያውን ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ። እኔና የሒሳብ ኃላፊዋ ተከትለን ገብተን አየናቸው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«የምር ሊያጠፉት ነው?» አልኳቸው።

«አጥፋ ተብያለሁ።»

ከሒሳብ ኃላፊዋ ጋር ተያየን። ጠዋት ከሁሉ በላይ የጮኸችው እሷ ነበረች። አሁን ግን «ተነስ፣ ሻይ እንጠጣ» ብላ አንድ ክንዳቸውን ያዘች፤ እኔም ሌላውን፤ እየጎተትን ሻይ ቤት አስገባናቸው። ከዚያ በኋላ «እሳቸው» ማለቱ ከአፌ ጠፋ። አንዱን ብርጭቆ ሲጨርስ ሌላ እናዛለን። «ልሂድ፣ ሥራ አለብኝ» እያለ ይነሳል፤ እኛ ትከሻውን ይዘን እናስቀምጠዋለን። ስለ አየሩ አወራን። ስለ ጫማ ዋጋ አወራን። የማወራው ሲያልቅብኝ ስለ ኢንሹራንስ ጠቀሜታ ሁሉ አወራሁ።

በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ። ከጭብጨባ መሃል የሥራ አስኪያጁ ድምፅ እኛ ድረስ ተሰማ፦

«እንዳትነካው! ሰማኸኝ? አንዱንም እንዳትነካ! ልጄ ሰላም ትልሃለች!»

ስልኩን ዘጋ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠርዝ ይጠርገው ጀመር፤ ጠርጎም አልጨርስ አለ።

«የአባቷን ስም አልሳተም ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ፕሮግራሙን ማለቴ ነው።»

«አልሳተም» አልኩትና ሌላ ሻይ አዘዝኩለት። የምናዘገየው ነገር ከእንግዲህ አልነበረም። እንዲሁ ትንሽ እንዲቀመጥልኝ ፈልጌ ነው።