በርኖስ የለበሰው ውሻ

«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይላሉ አባቶች። ስለ ቆዳው ግን ያሉት ነገር የለም፤ እኔ ልጨምርበት። ሰው አገር ሲለቅ ልቡ የሚናፍቀው ቆይቶ ነው፤ ቀድሞ የሚያኮርፈው ቆዳው ነው። ለዚህ ደግሞ እኛ ወሎዬዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከደሴ ጉም ወርዶ ኮምቦልቻ የሰነበተ ደገኛ አንገቱን ሲፎክት፣ ብብቱን ሲያሻሽ ታገኙታላችሁ። ምን ነካህ ስትሉት «ውሃው አልተስማማኝም» ይላችኋል። ገና አልታጠበበትም እኮ! ጣልያኖቹም የመጡ ሰሞን ሲያክኩ አይተናቸዋል፤ ጮክ ብሎ የሚስቅባቸው ጀግና ግን አልነበረም።

የማወጋችሁ ጣልያን ደሴ በገባ በሁለተኛው ክረምት ስለሆነው ነገር ነው። እኔ ያን ጊዜ ደሴ ሆጤ ሰፈር በአንዲት ጠባብ ክፍል የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ልብስ እሰፋ ነበር። ከደንበኞች የለቃቀምኳት የገበያ ጣልያንኛም ነበረችኝ። ኮምቦልቻ ደግሞ የመጋዘን ሹም የሆነ አንድ ሲኞር ነበረ፤ ከአገሩ ውሻ ይዞ መጥቷል። ውሻው ቢያንኮ ይባላል፤ ነጭ ማለት ነው። ሲመጣ እውነትም ነጭ ነበር፤ ፀጉሩ የተነደፈ ጥጥ ነው የሚመስለው።

ኮምቦልቻ ያን ጥጥ አልወደደችለትም። መጀመሪያ ከጆሮው ሥር ፎከተ፤ ቀጥሎ ወገቡ ተላጠ፤ ከዚያ ቆዳው እየተቀረፈ፣ እየቆሰለ፣ እየሸተተ ሄደ። ሐኪማቸው ድኝ ቀባው፣ በሳሙናም አጠበው፤ የቀረው ፀጉርም ከሳሙናው ጋር ሄደ። አንዱ ውሃው ነው አለ፣ አንዱ መዥገር ነው አለ፣ አንዱ ዓይን በልቶት ነው አለ። ልብስ ሰፊውን ከጠየቃችሁኝ፣ ለበረዶ አገር የተሰፋ ልብስ ኮምቦልቻ ላይ አይለበስም። ውሻው መጮህም ተወ። የተገለጠው ገላው የሰው ገላ ይመስል ስለነበር፣ በአጠገባቸው ሲያልፍ ሴቶች ራቁቱን የቆመ ወንድ ያዩ ያህል ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ሲኞሩ ወደ ደሴ ተዛወረ። ያ ራቁቱን የቀረ ፍጥረት የጦሳ ተራራ ብርድ ላይ ወጥቶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ቀን ሲኞሩ ውሻውን በሰንሰለት ይዞ፣ በክንዱ ጥቁር በርኖስ አንጠልጥሎ ቤቴ ገባ።

«ለቢያንኮ ካፖርት አድርገህ ስፋው» አለኝ። «ጀርባው ላይ ቀዳዳ አለች። አትድፈናት፤ የሰንሰለቱን ቀለበት አወጣባታለሁ።»

በርኖሱን ገለበጥኩት። የአንገቱ ውስጥ በቀይ ክር ተዘምዝሟል። አይ አምላኬ! ጥቁር ክር አልቆብኝ በቀይ የዘመዘምኩት እኔ ነኝ፤ የሰፋሁትም ለጎረቤቴ ለይመር ነው። ይመር ደግሞ በጥር ከገበያ ሲመለስ ወታደሮች ይዘውት ሄደው፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁም አልተሰማም። ሚስቱ ዘይነባ ባል አላት እንዳይባል ባል የለም፤ መበለት ናት እንዳይባል ሬሳ የለም። ሰው «ሞቷል» እንዳይላት ሟርት ይሆንበታል ብሎ ይፈራል፤ «ይመጣል» እንዳይላትም ያፍራል። እሷ እያንዳንዷን ሌሊት በሩን ሳትቀረቅር ታድር ነበር።

ቀዳዳዋ ከግራ ትከሻው ዝቅ ብላ ነበር። ሲኞሩ ከመጋዘን ክምር ውስጥ መዝዞት ይሁን ሌላ ነገር ያውቅ ይሁን አልጠየቅሁትም። እምቢ ብትል ኖሮ የምትሉኝ፣ ያን ጊዜ ስላልነበራችሁ ነው። ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ፣ ሰጠሁ። ያኑ ዕለት ዘይነባ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት።

«ቀዩን ክር አይተዋል፣ አያ ደምሴ?» አለችኝ።

«አይቻለሁ።»

«እኔ ግን አላየሁም። ሳላየው ወላሂ አንዲት እንባ አላፈስም» አለች።

እንግዲህ በርኖስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የደህና ሰው ልብስ ነው። በርኖስ የለበሰ ሲያልፍ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል እንጂ ማን ነው ብሎ ፊቱን የሚመረምር የለም። በዚያ ክረምት ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሆጤን ሲውጣት፣ ሳልቆርጥ የተውኳት ያቺ ሾጠጥ ያለች የበርኖስ ትከሻ ብቻዋን ብቅ ትላለች። የሆጤ ሰውም በልማዱ ከወገቡ ጎንበስ ይላል! አንድ አዛውንት «አሰላሙ አለይኩም» ብለው መልስ ሲጠብቁ አራት እግር አይተው፣ «አጃኢብ!» እያሉ መንገዳቸውን ትተው ተመለሱ። በመጀመሪያው ቀን ሳቅን። በኋላ ግን የሚስቅ ጠፋ፤ ምክንያቱም ውሻው ሰንሰለቱን ከሲኞሩ አሽከር እጅ እየመነጨቀ አንድ ቦታ ብቻ ይሄድ ጀመር።

ዘይነባ በር ላይ። ደፉ ላይ ይቀመጥና ፊቱን ወደ ውስጥ መልሶ ያያል። አይገባ፣ አይጮህ፣ የወረወሩለትን አይበላ። የይመር ጠረን በርኖሱ ላይ ቀርቶ፣ እሱን እያሸተተ መጥቶ ነው አልኩ። ብልኃተኛ ነኝ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማታ ግን በዚያ ቤት በር ማለፍ ተውኩ።

ዘይነባ ክሩንም ቀዳዳውንም በዓይኗ አየች። ወደኔ መጣችና «አያ ደምሴ፣ በርኖሱን ያምጡልኝ። እርሜን ላውጣበት» አለችኝ። ሰው አፈር ሳይለብስ፣ ልብሱም ሳይዘረጋ እንዴት ይለቀሳል? የቀረው ደግሞ ይኸው የውሻ ጀርባ ላይ ነው።

ያዳነን የውሻው ቆዳ ነው። የበርኖሱ ሱፍ ቁስሉን ፈገፈገው፤ ሲኞሩ እያጉረመረመ አስጠራኝ። ቀረብ ብዬ ሳይ የተላጠው ገላ ላይ አዲስ ፀጉር ብን ብን ብሏል፤ ነጭ ሳይሆን ጥቁር። ሱፍ ቁስል ይበላል፣ ለዚህ ለስላሳ ጥጥ ነው የሚሆነው አልኩት። ዘይነባ ሣጥኗን ከፍታ የሠርጓን ኩታ ሰጠችኝ። እጥፍ አድርጌ ሰፋሁና አለበስኩት። ሲኞሩም በርኖሱን «ውሰደው» ብሎ እግሬ ሥር ጣለልኝ።

ውሻ የነካውን እንዴት እንደሚያጠሩ ዘይነባ ታውቃለች። ሰባት ጊዜ አጠበችው፣ አንዱን በአፈር። የአፈሩን ውሃ ግን እንደ እጣቢ አልደፋችውም፤ ከጓሮ አንድ ጥግ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችውና ድንጋይ አኖረችበት። እኔም የቆረጥኩትን መልሼ ገጠምኩ። ቀዳዳዋን ልደፍን ስል «እሷን ይተዋት» አለችኝ።

ለልቅሶው ጥቂት ሰው ተሰበሰበ፤ ጊዜው ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት አልነበረም። በርኖሱ መሐል ሰሌን ላይ ተዘረጋ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ሴቶቹ አለቀሱ። ዘይነባ ግን ደረቀች። ስድስት ወር ሙሉ ያዘችው እንባ ና ሲሉት አልመጣም። «ያረቢ፣ ምን ሆኜ ነው? ማልቀስ ጠፋብኝ እኮ!» እያለች ወዲያና ወዲህ ታየናለች።

በዚህ መሐል ቢያንኮ ነጭ ኩታውን ለብሶ መጣና ደፉ ላይ ተቀመጠ። አንዱ በትር ሲያነሣ ሼሁ «ተወው፣ ለልቅሶ የመጣ አይባረርም» አሉ። ከኋላው ሲኞሩ ሰንሰለቱን ይዞ ደረሰ። ሰዉን አየ፣ ሰሌኑን አየ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ።

ሁሉም እኔን አየኝ።

«የበርኖሱ ባለቤት» አልኩት።

ቀዳዳዋ ላይ ዓይኑ ቀረ። ከዚያ ዞር ብሎ «ቢያንኮ!» ሲል ተጣራ። ውሻው አልዞረም። ከኮምቦልቻ ጀምሮ ድምፁ ያልተሰማው ያ ፍጥረት አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ረዥም ለቅሶ አለቀሰ።

በእኛ ዘንድ አዲስ አልቃሽ እያለቀሰ ሲመጣ፣ የተቀመጠው ሁሉ ተነሥቶ አብሮት ያለቅሳል። ማን እንደሆነ አይጠየቅም። ሴቶቹ ተነሡ። ሼሁም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሲኞሩ ባርኔጣውን አውልቆ ከነሰንሰለቱ እንደ ቆመ ቀረ። ዘይነባም «ይመርዬ! መጣህልኝ ወይ!» ብላ በርኖሱ ላይ ወደቀች፤ እንባዋም ወረደ።