ቀንድ አውጣዎቹ ሲያሳድጉን

እሑድ ከምሳ በኋላ ሸለብ አድርጎኝ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ሕልም ፈቺ ነን የምትሉ ግን አፋችሁን ሰብስቡልኝ።

ድሬዳዋ ቤቴ፣ ሳሎን ውስጥ፣ የጨው ውኃ የሞላሁት የመስታወት ገንዳ አለኝ። ሌላው ሰው ዓሣ ያኖርበታል፤ እኔ ዛጎል የሌላቸውን፣ ቀለማቸው ዓይን የሚስበውን የባሕር ቀንድ አውጣዎች ነው የማኖርበት። አብዲረዛቅ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ከጅቡቲ በጄሪካን ያመጣልኛል።

በሕልሜ ታዲያ ጄሪካኑ ውስጥ ያለሁት እኔው ነኝ። ባለቤቴ እቴነሽም ጉልበቷን አቅፋ አጠገቤ ተቀምጣለች። መኪናውን የሚነዳው ዓሣ ነበር፤ ጫት ይቅማል። ገበያ መሐል አወረደን። አንዲት በሬ የምታክል ሰማያዊ ቀንድ አውጣ እየተንፏቀቀች መጣች።

«ቢጫ ሹራብ የለበሰው ያምራል። ምን ይበላል?»

«ያገኘውን ነዋ!» አላት ዓሣው።

ገዛችን። ወዲያው ሳሎኗ ውስጥ፣ መስታወት ቤት ውስጥ ነበርን። ጎረቤቶቿ ሊያዩን መጡ። አሮጌ ጫማ ጣሉልን። በማግስቱ የግድግዳ ሰዓት፣ ቀጥሎ ሳሙና። እቴነሽ ሳሙናውን ቀምሳ ተፋችው።

«ራበን!» ብዬ መስታወቱን በጡጫ ደበደብኩ።

«እዩት ሲጨፍር!» አለች ባለቤታችን ቀንድ አውጣዋ። ሁሉም አጨበጨቡ፤ በምን እንዳጨበጨቡ እንጃላቸው።

እቴነሽ ማነስ ጀመረች። መጀመሪያ ቀሚሷ ሰፋት። ከዚያ ትከሻዬ ድረስ የነበረችው ሴት ጉልበቴ ጋ ቀረች። ድምጿ ግን አላነሰም።

«አንተ፣ ንገራቸው እንጂ! አፍ የለህም?»

«እየነገርኳቸው ነው!»

እውነቴን ነው፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ባለቤታችንም ግራ ገብቷት ነው መሰለኝ አንድ ሊቅ አስጠራች። ሁለቱ ቀንዶቹ ላይ መነጽር ሰክቷል። ዞር ዞር ብሎ አየንና፣ «ሰው የሚኖረው በተስፋ ነው፤ መጽሐፍ ላይ አለ። ሌላው ያሳምመዋል» አለ። ግማሹን የበላሁትን ጫማ እንኳ ከአፌ ነጥቀው አወጡት።

እቴነሽ ባቄላ አከለች። መዳፌ ላይ አስቀምጬ፣ እንዲያዩልኝ ወደ መስታወቱ አስጠጋኋት። «ሚስቴ ናት! እያለቀችብኝ ነው!» እያልኩ አለቀስኩ።

«ወይ ጉድ፣ ሁለት አልነበሩም እንዴ?» አለች ባለቤታችን። «ሴቷን በላት! ምን ዓይነት አረመኔ ነው?»

መዳፌን ሳየው ባዶ ነው።

ጮኼ ነቃሁ። እቴነሽ በሙሉ ቁመቷ ገንዳው አጠገብ ቆማለች። እግሯ ላይ ልደፋ ምንም አልቀረኝ።

«ተነሥ፣ ሰማያዊዋ የለችም» አለችኝ። «ስትመጣ ጣቴን ታክል ነበር። ትናንት ምስር አከለች። ዛሬ ፈልጌ ፈልጌ አጣኋት። እንደ ሌሎቹ ይቺም ሄደች።»

ላብ እንዳጠመቀኝ አብዲረዛቅ ጋ ደወልኩ።

«እነዚህ ነገሮች ምንድን ነው የሚበሉት?»

«አቦ፣ እኔ ሹፌር ነኝ፣ በምን አውቄ? ከባሕር የሚያወጧቸው ጠላቂዎች እያንዳንዷ ከአንድ ነገር ሌላ አትቀምስም ይላሉ። ያ ነገር ምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ነገ እገባለሁ፤ ሁለት ልያዝልህ?»

እቴነሽን አየኋት። ባዶውን ገንዳ ትክ ብላ እያየች፣ «ሳሎኑ ጭር አለ» አለች።

«አራት አርገው» አልኩት።