ገላጋዩ ይውጣ

ሰው ሲደባደብ ባየ ጊዜ የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ ስልኩን የሚያወጣና ጃኬቱን የሚያወልቅ። ስልኩን የሚያወጣው ይቀርፃል። ጃኬቱን የሚያወልቀው ደግሞ ሊደባደብ እንዳይመስላችሁ፤ ሊገላግል ነው። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ባደግኩበት ሰፈር ጠብ ተነሥቶ ቆሞ ያየ ሰው ከተደባዳቢዎቹ እኩል ይወቀስ ነበር። «አንተ እዚያ ቆመህ ምን ትሠራ ነበር?» ይሉታል። ስለዚህ እኛ ሰፈር ሁለት ሰው ከተጣላ ስምንት ሰው ይገላግላል፤ አንዳንዴም ገላጋዮቹ እርስ በርሳቸው ተጣልተው ሌላ ገላጋይ ይጠራል። ቢሆንም ሥርዓት ነው። «በሕግ አምላክ!» ከተባለማ የተሰነዘረ ቡጢ አየር ላይ ይቀራል።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ለምን ይመስላችኋል? ባለፈው ሰመር እዚሁ ካልጋሪ ውስጥ፣ ሽበቴን ይዤ፣ ኳስ በእግሬ ሳልነካ፣ ከኳስ ሜዳ ስለተባረርኩ ነው። ሰው የመታው ተጫዋች ሳይሆን እኔ! ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ በላይ ነው። ጋሼ የሚኖሩት ቸስተርሚር፣ ሐይቁ አጠገብ ነው። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ፌቨን የምትባል ነርስ። ጨዋ ናት፣ አባቷን ትፈራለች፤ እናም ፈራ ተባ እያለች አገባዋለሁ ያለችው ሰው አውስትራሊያዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ካሌብ መሆኑ ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል፤ የልጅቷ እናት እትዬ አስካለ ስሙን ሲሰሙ «በስመ አብ፣ የእኛው ነው እኮ!» ብለው ነበር። ጋሼ ግን በስም የሚታለሉ ሰው አይደሉም። አገር ቤት ቢሆን የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ያስጠኑ ነበር። አሁን አውስትራሊያ ድረስ ሄዶ ማን ያጥናላቸው? ካንጋሮውን ይጠይቁ?

ስለዚህ እኔን ጠሩኝ። «ስማ ደረጀ» አሉኝ፤ «ሰው የሚታወቀው ሲጠጣ፣ ሲናደድና ሲጫወት ነው። ይሄ ልጅ አይጠጣም፤ ሲናደድም ያየው የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ይጫወታል አሉ። ሂድና እይልኝ። አንተ ያየኸውን እኔ እንዳየሁት እቆጥረዋለሁ።»

ከባድ አደራ ነው። የአንዲት ልጅ ትዳር በእኔ ሁለት ዓይኖች ላይ ተንጠለጠለ፤ ያውም አንዱ መነጽር ተደርጎለትም ብዙ የማያይ። የኤርፖርት ሹትል ነጂ ነኝና ሺፍቴን ቀየርኩ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈሬ ከዋይትሆርን ተነሥቼ ከፌቨን ጋር ወደ ሜዳው ሄድኩ።

ኳስ ሲባል እኔ ኳስ መስሎኝ ነበር። ይሄ የአውስትራሊያ ፉትቦል የሚሉት ግን ከእኛ እግር ኳስ የተበደረው ስሙን ብቻ ነው። ሜዳው ሞላላ፣ ኳሷም ሞላላ። በእጃቸው ይይዟታል፣ በቡጢ ያቀባብሏታል፣ ሲያሻቸው ይለጓታል። ጎሉ ተርታውን የተተከለ አራት እንጨት ነው፤ መረብ የለ፣ በረኛ የለ። መሀል ለመሀል የገባች ኳስ ስድስት ነጥብ ታስገኛለች፤ ስታ በጎን ያለፈች ደግሞ አንድ። አዎን፣ ለሳተ ሰው ነጥብ ይሰጣሉ! እኔ በሕይወቴ ለሳትኩት ሁሉ እንዲህ ቢታሰብልኝ ኖሮ ዛሬ ሐይቁ ዳር የምኖረው እኔ ነበርኩ። አንዱ ከፍ ያለች ኳስ ለመቅለብ የሌላውን ትከሻ እንደ መሰላል ይወጣበታል፤ የተወጣበትም ቅር አይለውም። ኮፍያዬን አንሥቼ ፀጉሬን አከክሁ።

ቢሆንም የመጣሁት ለልጁ ነውና ዓይኔን ከካሌብ ላይ አልነቀልኩም። እውነቱን ልናገር፣ መልካም ነበር። ይሮጣል፣ የወደቀ ያነሣል፣ ዳኛ አይሳደብም። «ለጋሼ ደህና ወሬ ይዤ ልሄድ ነው» ብዬ ገና ደስ ሳይለኝ ነገሩ መጣ። ከተቃራኒው ቡድን አንድ ቀይ ጢም ያለው ግዙፍ ሰው፣ ስሙ ትሬቨር ነው፣ ኳስ ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ካሌብ እየበረረ ደረሰ። ኳሷ ግን ቀድማው ሄዳለች። የካሌብ ክርን ከትሬቨር መንጋጋ ጋር ሲገናኝ ድምፁን ከወንበሬ ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ነው የሚመስለው። ሰውየው እዚያው ተዘረረ። ከአፉ ደም ወረደ። ሞተ ብዬ ነበር።

ዳኛው እየሮጠ መጣ። «አሁን ቀይ ካርድ ያወጣል» አልኩ። ኪሱን አየሁ፣ እጁን አየሁ። ለካሌብ አንድ ሁለት ቃል ነገረውና ዞር አለ። በቃ! ትሬቨር መሬት ላይ ተኝቶ ያቃስታል፤ ካሌብ እዚያው ቆሟል።

«ካርዱስ?» አልኳት ፌቨንን። «ካርድ የለም፣ ጋሽ ደሬ» አለችኝ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «ሪፖርት ተደርጓል። ትዩዝደይ የሊጉ ችሎት፣ ትሪቢዩናል ፊት ይቀርባል፤ ጊልቲ ካሉት ለሚመጡት ጌሞች ሰስፔንድ ይሆናል። ዛሬ ግን መጫወት ይችላል።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ አይደለም እንዴ? ለምን እንደዚያ ይሆናል ብዬ ብጮህባት፣ የአገራቸው ትልቁ ሊግ የኖረበት ሥርዓት ነው፣ አንድ ሰው ሲጎድል ጌሙ ይበላሻል፣ ዳኛም በችኮላ ሚስቴክ ሊሠራ ይችላል፣ ረጋ ብሎ ቪዲዮ አይቶ መፍረድ ይሻላል አለች።

ረጋ ብሎ መፍረድ መልካም ነው፤ ማን ይጠላል? ግን አስቡት። ዛሬ ዋና ሰው የጎደለበት የትሬቨር ቡድን ነው። ካሌብ ማክሰኞ ቢቀጣ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ በእሱ መቅረት የሚጠቀመው ሌላ ቡድን ነው። ተበዳዩ አንድ፣ ካሳ በዪው ሌላ! እንዲህ ያለ ፍርድ የት አገር አለ? እኛ ሰፈር ማንም ልጅ ቢመታኝ እናቱ የምትክሰው እናቴን ነው እንጂ የጎረቤታችንን እናት አልነበረም።

ይህን ሳስረዳት ሜዳው ታመሰ። የትሬቨር ጓደኞች የካሌብን ማልያ ጨምድደው ያዙ፤ የካሌብ ጓደኞች ደረሱ፤ ግፊያ ሆነ። ዙሪያዬን አየሁ። ተመልካቹ በሙሉ ስልኩን አውጥቷል። አንድም ሰው ጃኬቱን አላወለቀም! እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ? ፌቨን «ጋሽ ደሬ፣ ፕሊዝ! ዶንት!» እያለች እጅጌዬን ብትይዝ፣ ጃኬቱን እጇ ላይ ትቼላት ሮጥኩ።

መሀላቸው ገብቼ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ የአባቴን ድምፅ በሚያህል ድምፅ «በሕግ አምላክ!» አልኩ። ብታምኑም ባታምኑም ሜዳው በሙሉ ቀጥ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ የታዘዘልኝ ሕዝብ የለም፤ ሹትሌ ውስጥ እንኳ ቀበቶ እሰሩ ስል የሚሰማኝ የለ። ኩራቴ ግን ረጅም ዕድሜ አልነበረውም። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ክንዱን ዘርግቶ በጣቱ ፓርኪንጉን አሳየኝ። ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም የለም። «አንተ ነህ፣ ውጣ!» አለኝ። እኔ? የመታውን ትቶ? ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ይዘው፣ በጨዋ ደንብ፣ መኪናዬ ድረስ ሸኙኝ። እስከ ሲዝኑ መጨረሻም ሜዳው ድርሽ እንዳልል ተነገረኝ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ የተባለው ለእኔ ነው።

ያንኑ ቀን ማታ ጋሼ ቤት ሄጄ ያየሁትን ተናገርኩ። አልጨመርኩም፤ የመንጋጋውን ድምፅ ግን ጠረጴዛ ላይ እርሳስ ሰብሬ አሳየሁ። ጋሼ «ሰው መትቶ ሜዳ ላይ የሚቆይ ሰው» አሉ፤ «ነገ ቤቱ ውስጥ መትቶ ሶፋው ላይ አይቀመጥም ወይ? አንድ ልጅ ነው ያለችኝ።» ወንድሜ ሲፈሩ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ሽማግሌ እንዳይልክ ንገራት» አሉ። ፌቨን ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሣችም። ልጅቷን አሳዝኜ፣ እውነት ተናግሬ፣ እንቅልፍ አጣሁ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ቤት ምሳ ላይ እያለን በሩ ተንኳኳ። እንዳይልክ የተባለው ሽማግሌ መጥቶ ደጅ ቆሟል! ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የካሌብ አሠልጣኝ፣ ሪዛቸው ነጭ የሆነ አዛውንት። ሁለተኛው ሱፍ የለበሰ ሰው ነው፤ ፊቱን የት አየሁት ብዬ ሳስብ ጣቱን አየሁና አወቅሁት። ዳኛው! ያ እኔን ያባረረኝ ዳኛ! ሦስተኛው ቀይ ጢሙን አበጥሮ፣ ግማሽ ጉንጩ አብጦ የቆመ። ራሱ ተመቺው ትሬቨር። ካሌብ አጎት የለው፣ አባት ሩቅ አገር፤ ያገኘውን ሰብስቦ ልኳል።

ፌቨን የሽምግልና ምስጢራችንን ሁሉ ሸጣልናለች። ጋሼ ሳያስቡት አምልጧቸው «አረፍ በሉ» ቢሏቸው «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው ተደርድረው ቆሙ። አዛውንቱ በተሰባበረ አማርኛ «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉና ላባቸውን ጠረጉ። እትዬ አስካለ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ጋሼ ግን አልሳቁም። በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል፣ ያንኑ ጥያቄ አቀረቡ፤ ሰው መትቶ ሜዳ ላይ ለሚቆይ ሰው ልጄን እንዴት ልስጥ አሉ።

ትሬቨር አፉን እንደ ልብ መክፈት አይችልም። በጥርሱ መሀል «አልቆየም» አለ። «ያ ጃኬት የሌለው ሰውዬ ከወጣ በኋላ ካሌብ አሠልጣኙን ቀይሩኝ አለ። ማንም አላስገደደውም። ከሜዳ ወጥቶ እኔን በመኪናው ሆስፒታል ወሰደኝ፤ አብሮኝ አደረ። ማክሰኞ ዕለት ልከራከር ሳይል ጥፋቴ ነው አለ፤ አራት ሳምንት ሰጡት። እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። እስካሁን በየማታው ሾርባ የሚያመጣልኝ እሱ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔማ በምን ልየው? ያ ሁሉ ሲሆን ፓርኪንግ ውስጥ ነበርኩ! መቺው ይውጣ ብዬ የጮህኩት እኔ፣ መቺው በገዛ እግሩ ሲወጣ አላየሁም፤ ቀድሜ ተባርሬ። የጋሼ ፊት እየላላ ሲመጣ አየሁ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ለልጅቷ ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምቼ አላውቅም? ግን ዳኛው ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ ድንጋጤዬም ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ሲጠብቅ ነበር። ተነሣሁ። «ይሄ የካሌብ ደግነት ነው እንጂ የሕጋችሁ አይደለም» አልኩት። «ካሌብ በራሱ ወጣ። የሚቀጥለው መቺ በራሱ ባይወጣስ? ሕግ የሚያስፈልገው ለደግ ሰው ነው እንዴ?» ዳኛው ሊያስረዳኝ ጀመረ፤ አላስጨረስኩትም። ጋሼ «ተቀመጥ» አሉ፤ እሳቸውንም አላስጨረስኩም። «ሰው የሚማታ ከሜዳ መውጣት አለበት! እዚያው! በዚያው ደቂቃ!» ብዬ ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። ጠላ የተሞላው ብርጭቆ ተነሥቶ አሠልጣኙ ሱሪ ላይ አረፈ።

ጋሼ ክንዳቸውን ዘርግተው በጣታቸው የጓሮውን በር አሳዩኝ። «ውጣ!»

እዚያው፤ በዚያው ደቂቃ።

ጓሮው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይገባል፤ ጃኬቴ እንደ ልማዱ ሌላ ቦታ ቀርቷል። ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ የእትዬ አስካለ እልልታ ቀለጠ። ልጃችን ተሰጠች፤ እኔ በመስኮቱ መስታወት አየሁ። ካሌብ፣ ለካ መኪና ውስጥ ሲጠብቅ ኖሯል፣ ገብቶ የጋሼን ጉልበት ሊስም ሲያጎነብስ ጋሼ ብድግ አድርገው አቀፉት። ዓይኔ እንባ ሞላ። ከብርዱም ይሆናል።

በሩ ተከፈተና ትሬቨር በሰሐን ሽሮ ይዞ ወጣ። ጥብሱን ማኘክ ስለማይችል ሽሮ ብቻ ነው የሰጡት። አጠገቤ ተቀመጠና ሰሐኑን መሀላችን አደረገ። ወደ በሩ ዞር ብሎ ማንም አለመስማቱን አረጋገጠ። «ለካሌብ እንዳትነግረው እንጂ» አለኝ፤ «ያን ቀን መሬት ላይ ተኝቼ እሱ ቆሞ ሳየው፣ ምነው ባወጡት ብዬ ነበር።»

አንድ የሚያምነኝ ሰው በማግኘቴ ልቤ ሞቀ። ትሬቨር ሽሮውን ቀስ ብሎ ዋጠና፣ ተጫዋች ለተጫዋች በሚያዝንበት ድምፅ፣ ከአንጀቱ ጠየቀኝ።

«አንተንስ፣ ስንት ሳምንት ሰጡህ?»