ግራ እጄን ያነሳሁ ዕለት

በዚህች ዓለም ላይ ለሕዝብ ጀርባውን እየሰጠ ደመወዝ የሚበላ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ሹፌርና የኦርኬስትራ መሪ! ሹፌሩስ ቢሆን በመስታወት ሰረቅ አድርጎ ያየናል። የኦርኬስትራ መሪ ግን... ጭራሽ!

ይህን የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። በደርግ ጊዜ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ከተማ ተልኬ ክላሲካል ዘፈን ተማርኩ፤ ኦርኬስትራ መምራትንም ደርቤ ጅማ ተመለስኩ። ቤቴ ሆኜ ድምፄን በተለማመድኩበት የመጀመሪያ ቀን፣ ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከተፍ አለች። «ማን ነው የሞተው?» ዘፈን መሆኑን ስነግራት «እግዜር ያጽናህ» ብላኝ ሄደች።

ቀበሌያችን የኪነት ቡድኑን ሰጠኝ፤ አኮርዲዮን፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ትራምፔትና ከበሮ። እኔ እዘፍናለሁ፤ እየዘፈንኩም እመራለሁ። ሊቀመንበሩ ግን ቁርጡን ነገረኝ።

«ከአውራጃ ትልቅ እንግዳ ይመጣል። ከወደደው የቡድኑ ኃላፊ ትሆናለህ። ካልወደደው ሰርቦ ቡና ለቀማ ትዘምታለህ!»

እኔ ደግሞ ቡና ሲጠጣ እንጂ ሲለቀም አልወድም። ጉንዳን እፈራለሁ!

በልምምዱ ቀን ፊቴን ወደ ቡድኑ አዙሬ ስመራ፣ የአዳራሹ ጥበቃ አባ ዲጋ አይተው ጮኹ።

«ያ ኢልሞ፣ አንተ ልጅ! ለእንግዳ ጀርባህን ልትሰጥ ነው?»

«አባ ዲጋ፣ ሥራው ነው። ሶፊያ እንዲህ ነው የሚመራው።»

«የሶፊያ ሰው ነውር አያውቅማ! ወላሂ፣ እኛ ጀርባ የምንሰጠው ለተጣላነው ሰው ነው። ከአውራጃው ጋር ተጣልተሃል?»

ደነገጥኩ። በዚያ ዘመን «ለአብዮቱ ጀርባውን ሰጠ» መባል ምን እንደሚያስከትል ታውቁታላችሁ... ካላወቃችሁም ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ስለዚህ ፊቴን ወደ ሕዝቡ አዙሬ፣ ከኋላዬ ለቀሩት ተጫዋቾች «ክርኔን እያያችሁ ተከተሉ!» አልኳቸው።

ዕለቱ ደረሰ። እንግዳው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። በቀኝ እጄ ምቱን እየጠበቅሁ ዘፈንኩ። ሶፊያ በረዶ ላይ ስንት ዓመት የለፋሁበት የመጨረሻው ረጅም ድምፅ ላይ ስደርስ፣ ቡድኑ ድምፅ እንዲጨምር ብዬ ግራ እጄን ወደ ላይ ላክሁት። ምነው ያን ጊዜ በተቆረጠ!

መድረክ ላይ ያለ ሰው ግራ እጁን ካነሳ ለአንድ ነገር ብቻ ነበራ፤ ለመፈክር! አዳራሹ ግር ብሎ ተነሳ። ግራ እጅ ሁሉ ተጨብጦ ወጣ። «ኢትዮጵያ ትቅደም!» የእኔ ድምፅ እዚያው ሰጠመ። እንግዳውም ተነስቶ እጁን አወጣ።

እሺ፣ አሁን ማን ቀድሞ ያውርድ? ሕዝቡ እንግዳው ሳያወርድ አያወርድም። እንግዳው ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል፤ እኔ ሳላወርድ አያወርድም። እኔ ደግሞ ቀድሜ ባወርድ... ፀረ አብዮት! ትንፋሼ አለቀ። ትራምፔት ነፊው ክርኔ ስላልወረደ ዓይኑ ፈጦ ይነፋል። በሩ አጠገብ አባ ዲጋ የዛለ ግራ እጃቸውን በቀኝ እጃቸው ደግፈው «ያ አላህ፣ አውርደው!» ይላሉ። በመጨረሻ ሳል አዳነኝ። ስስል እጄ ሳላዘው ወረደ፤ አዳራሹም «እፎይ» ብሎ ዘጭ አለ።

እንግዳው መድረክ ላይ ወጥቶ አቀፈኝ።

«እኛ ስንት ንግግር አድርገን ያላስነሳነውን ሕዝብ በአንድ እጅህ አስነሳኸው!»

«ዘፈኑስ፣ ጓድ?»

«የቱ ዘፈን?»

ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ «ይህ ጓድ አዳራሽ ውስጥ መባከን የለበትም። ሰርቦ ያለው ለቃሚ ሰንፏል፤ ሄዶ መፈክር ይምራ!» አለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል!

ሰርቦም ብዙ አልቆየሁም። እጄን ባነሳሁ ቁጥር ለቃሚው የራሱን ለማንሳት ቅርጫቱን ስለሚለቅ፣ ቡናው መሬት ላይ እየቀረ አስቸገረና አባረሩኝ።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ቀኝ እጄ ጋዜጣ ስለያዘ አስተናጋጇን ለመጥራት ግራ እጄን ከፍ አደረግሁ። አጠገቤ የነበሩ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሚሆኑ ሽበታም ሰው ወንበራቸውን ገልብጠው ብድግ፤ ግራ እጃቸውም ከፍ!

«ኧረ ይቀመጡ ወንድሜ፣ ሻይ ላዝ ነው!» አልኳቸው።

ግራ ቀኙን ገላመጡና በሹክሹክታ፦

«መጀመሪያ እርስዎ ያውርዱ!»